የፕሬዠር ዋሽ ተሳቢ ልትገዙ ነው? ታንከሩ ሞልቶ እዩት

አሜሪካ ውስጥ በፕሬዠር ዋሽ (በከፍተኛ ግፊት ውሃ የማጠብ) ሥራ ሊሰማራ ያሰበ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፈልገው ተሠርቶ ያለቀ ተሳቢ ነው። ታንከሩ፣ ሞተሩ፣ ፓምፑ፣ የቱቦ መጠቅለያው ሁሉ አንድ ላይ ተሰድሮ፣ ከፒክአፑ ጋር አያይዞ በማግስቱ ሥራ የሚገባበት። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ ከእነዚህ ተሳቢዎች ብዙዎቹ ከትልቅ ፋብሪካ የወጡ አለመሆናቸው ነው። አንዱን ባለቤቱ በጓሮው ገጣጥሞታል፣ ሌላው ከትንሽ ጋራዥ ወጥቷል። ጎበዝ ሠሪ አለ። ቸኩሎ የሠራም አለ። ቀለም ከተቀቡ በኋላ ፎቶ ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው።

ሻጩ ሞተሩን ያሳያችኋል፤ እናንተም ስለ ሞተሩ ትጠይቃላችሁ። ሞተር ግን ቢበላሽ ይቀየራል። ፓምፕም እንዲሁ። ሻንሲው ከጎበጠ ወይም አክስሉ ጭነቱን የማይችል ከሆነ ግን የምትቀይሩት ተሳቢውን ራሱን ነው። ስለዚህ ምርመራችሁን ከሞተሩ ሳይሆን ከውሃው ጀምሩ።

1. ከቤት ሳትወጡ ሒሳቡን ሥሩ

አንድ ጋሎን ውሃ 8.34 ፓውንድ ይመዝናል። ይህችን ቁጥር ያዙ። በብረት ፍርግርግ የታጠረው፣ 275 ጋሎን የሚይዘው ነጭ ካሬ ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 2,293 ፓውንድ ገደማ ነው። ከ1,000 ኪሎ በላይ ማለት ነው። 525 ጋሎን ከሆነ 4,378 ፓውንድ ይደርሳል።

አሁን ማስታወቂያው ላይ ያለውን ተሳቢ እዩት። ባለ አንድ አክስል ከሆነ አክስሉ አብዛኛውን ጊዜ 3,500 ፓውንድ የሚችል ነው። ሻንሲው ላይ በተለጠፈው የአምራቹ ሠሌዳ ላይ የሚጻፈው ጠቅላላ የተፈቀደ ክብደት፣ ጂ.ቪ.ደብሊው.አር የሚባለው፣ ግን በብዛት 2,990 ፓውንድ ነው። ቁጥሩ እንዲያው የመጣ አይደለም። በብዙ ስቴቶች ከ3,000 ፓውንድ ጀምሮ ተሳቢው የራሱ ፍሬን እንዲኖረው ሕግ ስለሚያስገድድ አምራቾች ከዚያ ዝቅ ያደርጉታል። እንግዲህ ባዶው ተሳቢ 1,000 ፓውንድ ይመዝናል እንበል። 275 ጋሎን ውሃ ሲጨመርበት 3,293 ሆነ። ገና ሞተሩ፣ ፓምፑ፣ ቱቦው፣ ነዳጁና ኬሚካሉ ሳይጫን ከተፈቀደው አልፏል።

እንዲህ ዓይነት ተሳቢ ገበያው ላይ ሞልቷል። ሻጩ «እኔ ስሠራበት ምንም አልሆነም» ይላችሁ ይሆናል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። አደጋ የደረሰ ዕለት ግን ኢንሹራንሱም ፖሊሱም የሚያነበው ሠሌዳውን ነው።

እኔ ከ200 ጋሎን በላይ ውሃ ይዞ የሚንቀሳቀስ ሰው ባለ ሁለት አክስልና ፍሬን ያለው ተሳቢ ይያዝ ባይ ነኝ። ባለ ሁለት አክስሉ በአብዛኛው 7,000 ፓውንድ ነው። እሱም ቢሆን ገደብ የለውም ማለት አይደለም። 525 ጋሎን ውሃ፣ 1,800 ፓውንድ ባዶ ክብደት፣ 800 ፓውንድ ዕቃ ስትደምሩ 6,978 ይመጣል። አንድ ሰው ዕቃ ሲጨምርበት አለቀ።

በዚህ ሒሳብ ከተፈቀደው ክብደት በላይ የሚሆነውን ተሳቢ ለማየት ነዳጅ አታቃጥሉ።

2. ለሻጩ ሁለት ነገር ንገሩት

ቀጠሮ ስትይዙ «ታንከሩን ሞልተህ ጠብቀኝ፤ ሞተሩን ግን እኔ ሳልመጣ እንዳታስነሣው» በሉት። ባዶ ተሳቢ ሁሉ ቆንጆ ነው። ሻንሲው ቀጥ ብሎ፣ ባሌስትራው ወደ ላይ ቀስት ሠርቶ ይታያል። ውሃ ሲገባበት ነው ልኩ የሚታወቀው። ሞተሩ ደግሞ ቀድሞ ከሞቀ የማስነሣት ችግሩ ይደበቃል። ስትደርሱ መጀመሪያ ሞተሩን በእጃችሁ ንኩት። ከሞቀ ለምን እንደሞቀ ጠይቁ።

ይዛችሁ የምትሄዱት ብዙ አይደለም። የእጅ ባትሪ፣ ሜትር፣ ረጅም ሲባጎ፣ ካቻቪቴ፣ ክሪክ፣ ባለ 5 ጋሎን ባልዲ፣ መሬት ላይ የሚነጠፍ ካርቶን። የሥራ ልብስ ልበሱ፤ ሥሩ ትገባላችሁ።

3. ሥሩ ግቡ

የዚህ ምርመራ ትልቁ ክፍል ይህ ነው። አትቸኩሉ።

መጀመሪያ ሲባጎውን ከሻንሲው ፊት እስከ ኋላ በዋናው ብረት ጠርዝ ወጥሩት። ታንከሩ ሞልቶ ሳለ ብረቱ መሐል ላይ ከሲባጎው በግልጽ ዝቅ ካለ ሻንሲው ጭነቱን አልቻለም። በሁለቱም ጎን አድርጉት። አንዱ ጎን ብቻ ከወረደ ክብደቱ በትክክል አልተከፋፈለም ወይም አንዱ ባሌስትራ ደክሟል።

ቀጥሎ ዋናው ብረት ምን እንደሆነ እዩ። ቀላል ዕቃ ለማመላለስ የተሠሩ ርካሽ ተሳቢዎች ሻንሲያቸው ቀጭን አንግል ብረት ነው። ሣር ማጨጃ ለመጫን ይበቃል። በየቀኑ አንድ ቶን ውሃ ተሸክሞ ለሚሄድ ግን ሲ ቻናል (በ«C» ፊደል ቅርጽ የተሠራ ብረት) ወይም ወፍራም ቱቦላሬ ያስፈልጋል። ወለሉን የሚሸከሙትን አግዳሚ ብረቶች ርቀት ለኩ። 16 ኢንች ከሆነ ደህና ነው። 24 ኢንች ከሆነ ታንከሩ ባረፈበት ቦታ ተጨማሪ አግዳሚ ገብቶ እንደሆነ ፈልጉ። ጎበዝ ሠሪ እዚያ ቦታ ላይ ያለ ጥርጥር ያጠነክራል።

ከዚያ መጎተቻው። ተሳቢው ከመኪናው ጋር ከሚያያዝበት ኳስ የሚመጣው ብረት ከተሳቢው ሥር ገብቶ ወደ ኋላ፣ እስከ ባሌስትራው ማሰሪያ አካባቢ ከዘለቀ ጠንካራ ነው። የፊተኛው አግዳሚ ላይ ጫፉ ብቻ ተበይዶ ከቀረ ግን የመጎተቱ ኃይል በሙሉ ያቺ ብየዳ ላይ ነው የሚያርፈው። ስንጥቅ ካለ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው። ባትሪያችሁን አስጠግታችሁ እዩ። ከቀለሙ ሥር ቀጭን የዝገት መስመር ካያችሁ ስንጥቅ ነው ብላችሁ ያዙት፣ እስኪፋቅና እስኪታይ ድረስ።

ብየዳ ለማወቅ በያጅ መሆን አያስፈልግም። ጥሩ ብየዳ ወጥ ነው፤ ስፋቱ እኩል፣ ሁለቱንም ብረት የያዘ። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለበት፣ እንደ ጠብታ ተንጠልጥሎ ከላይ የተቀመጠ፣ ወይም ዳሩን በልቶ ብረቱን ያሳሳ ብየዳ መጥፎ ነው። ብየዳው ላይ ተፈጭቶ ወፍራም ቀለም ከተለቀለቀበት ለምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ አሮጌ ተሳቢ ሆኖ ሥሩ ብቻ ትናንት የተቀባ ሲሆን ነው። ከላይ ቀለሙ የለቀቀ ተሳቢ ሥሩን ጥቁር ቀለም የሚያስቀባው ምን ለመሸፈን ነው?

ወለሉ እንጨት ከሆነ በካቻቪቴ ወጋ ወጋ አድርጉት፣ በተለይ በታንከሩና በፓምፑ ዙሪያ። ካቻቪቴው ከሰረገ በስብሷል።

4. ታንከሩና ሞተሩ በምን ተያዙ?

ሞተርና ፓምፕ ከወለሉ ጋር በእንጨት ብሎን ብቻ መያያዝ የለባቸውም። ንዝረቱ ያላላዋል። ብሎኑ ወለሉን አልፎ ከሥር በብረት ሳህን፣ በሮንዴላና በማይላላ ዳዶ መታሰር አለበት። ከዚያም የተሻለው ከሻንሲው ብረት ጋር ሲታሰር ነው። ሞተሩ ከሥሩ የንዝረት ጎማ ካለው ሠሪው አስቦ ነው የሠራው።

ታንከሩን ደግሞ የሚይዘው የብረት ባንድ ወይም ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ፍሬም መሆን አለበት። የጭነት ቀበቶ ለአንድ ቀን ዕቃ ማመላለሻ ነው። ፀሐይ ያደክመዋል፣ ይላላል። አንድ ቶን ውሃ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደ ፊት እንደሚገፋ አስቡ። ፊት ለፊቱ የሚያግደው ብረት አለ ወይ?

ያ ካሬ ታንከር ርካሽ ስለሆነ ይወደዳል። ቁመቱ ግን 46 ኢንች ገደማ ነው፤ ሲሞላ ክብደቱ ከፍ ብሎ ይቀመጣል። መታጠፊያ ላይ ይሰማችኋል። ዝቅ ብሎ ረዘም ያለው፣ እግር ያለው የፕላስቲክ ታንከር ለመንገድ ይሻላል። ውስጡ መከፋፈያ ግድግዳ ካለው በጣም ጥሩ። ከሌለው ግማሽ የሞላ ታንከር ሙሉ ከሆነው ይልቅ አስቸጋሪ ነው፤ ውሃው ወዲያ ወዲህ እየሄደ ተሳቢውን ይመታዋል።

የታንከሩ ቦታም ወሳኝ ነው። ከጠቅላላው ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት። ታንከሩ ከአክስሉ ኋላ ከተቀመጠ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ያንሳል፣ ተሳቢውም ፍሪዌይ ላይ ጭራውን ማወዛወዝ ይጀምራል። ትክክለኛው ቦታ አክስሉ ላይ፣ ወይም በትንሹ ወደ ፊት ነው። እንዲህ ሲሆን ውሃው ሲያልቅም ሚዛኑ ብዙ አይለወጥም።

5. ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ ፍሬን

ጎማው ላይ ኤስ.ቲ የሚል ፊደል ከመጠኑ በፊት ፈልጉ። የተሳቢ ጎማ ማለት ነው። የመኪና ጎማ ከተገጠመለት ሠሪው ወጪ ቀንሷል። ከዚያ ዲ.ኦ.ቲ ከሚለው ቀጥሎ ያሉትን የመጨረሻ 4 ቁጥሮች አንብቡ። 2319 የሚል ከሆነ በ2019 ዓመት 23ኛው ሳምንት ላይ የተሠራ ነው (በፈረንጅ አቆጣጠር)። የተሳቢ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅ በዕድሜ ይሞታል። ስለዚህ «ጥርሱ አዲስ ነው» የሚለውን አትቀበሉ።

የጎማው የውስጥ ጠርዝ ብቻ ከተበላ አክስሉ ጎብጧል ወይም ለረጅም ጊዜ ከአቅም በላይ ተጭኗል። ይህን ምልክት ካየሁ ሌላውን ለማየት አልጓጓም።

ውሃው ለሚቀጥሉት ፈተናዎች ስለሚያስፈልግ፣ ይህን መጨረሻ ላይ አድርጉት፤ ውሃውን አፍስሱና ጎማውን በክሪክ አንሡ። ከላይና ከታች ይዛችሁ ነቅንቁት። የሚንቀጫቀጭ ከሆነ ኩሽኔታው ላልቷል። አሽከርክሩትና ስሙ፤ ማንሾካሾክ ደህና ነው፣ ማንኳኳትና መፈግፈግ አይደለም።

ፍሬን ካለው የድንገተኛ መለያያውን ፒን ምዘዙት። ተሳቢው ከመኪናው ተገንጥሎ ቢሄድ በራሱ ባትሪ ጎማውን የሚያስረው ነው። ፒኑ ሲወጣ ጎማዎቹ መታሰር አለባቸው። ብዙ ተሳቢ ላይ ያቺ ትንሽ ባትሪ የሞተች ናት።

6. የውሃውን መንገድ ተከተሉ

እጃችሁን ከታንከሩ መውጫ ላይ አድርጋችሁ ውሃ እስከሚረጨው ሽጉጥ ድረስ መስመሩን በዓይናችሁ ሂዱበት። ታንከሩ ሥር መዝጊያ ቫልቭ፣ ቀጥሎ ማጣሪያ፣ ቀጥሎ ፓምፕ። ማጣሪያውን ለማጽዳት ሁሉን ነገር መፍታት የሚያስፈልግ ከሆነ ማንም አያጸዳውም፤ እናንተም አታጸዱትም።

የመሳቢያው ቱቦ ሰፊ፣ አጭርና ውስጡ ሽቦ ወይም ጥልፍ ያለው መሆን አለበት። ለስላሳ የአትክልት ቱቦ ከሆነ ፓምፑ ሲስብ ይጨፈለቃል። ፓምፑ ውሃ ሲጠማው አየር ይስባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ቫልቩና ጎሚኒው ያልቃል። በደቂቃ 8 ጋሎን የሚገፋ ፓምፕ ከ1 ኢንች የቀጠነ መሳቢያ ሊኖረው አይገባም።

አሁን ወደ አንዱ ትልቅ ምልክት። ሽጉጡን ስትለቁት ፓምፑ አይቆምም። ውሃው የሆነ ቦታ መሄድ አለበት። ርካሽ አሠራር ላይ ውሃው ዞሮ ወደ ፓምፑ መግቢያ ይመለሳል። ያው ውሃ እየዞረ በደቂቃዎች ውስጥ ይግላል፣ ጎሚኒውንም ያበስላል። ጥሩ አሠራር ላይ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ለማረጋገጥ ቀላል ነው፤ የታንከሩን ክዳን ክፈቱ፣ ጓደኛችሁ ሽጉጡን ይልቀቅ፣ ውሃ ሲመለስ እዩ። ይህን የሠራ ሰው ሌላውንም በጥንቃቄ ሠርቶታል ብዬ እገምታለሁ።

ፓምፑና ሞተሩ እንዴት እንደተያያዙም እዩ። በቀጥታ ከተያያዙ ፓምፑ በሞተሩ ፍጥነት፣ በደቂቃ ከ3,400 ዙር በላይ ይሽከረከራል። በቺንጋ ወይም በማርሽ ከሆነ ፍጥነቱ ግማሽ ያህል ይሆናል። በዝግታ የሚዞረው ከታንከር በቀላሉ ይስባል፣ ዕድሜውም ይረዝማል። በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ትልቅ ነው።

7. አስነሡት

ከማስነሣታችሁ በፊት የፓምፑን ዘይት በመስታወቷ እዩ። እንደ ወተት ከነጣ ውሃ ገብቶበታል፤ ጎሚኒው አልቋል። የሞተሩን ዘይትም እዩ። ሰማያዊ ጭስ ሞተሩ ዘይት እየበላ መሆኑን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ይናገራል።

ሞተሩ ሆንዳ ጂኤክስ390 ወይም ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ጂኤክስ690 ከሆነ መለዋወጫው እንደ ልብ ይገኛል። ይሄ ጥሩ ነገር ነው። ስሙን ግን ከልክ በላይ አትመኑት። ከግድግዳና ከታንከር ጋር ተጣብቆ አየር የማያገኝ ሆንዳም ይቃጠላል። ጭስ ማውጫው ወደ ቱቦ ወይም ወደ ታንከሩ የሚነፋ ከሆነ ፕላስቲኩን እዩት፤ ቀልጦ ይሆናል። ዘይት የሚወርድበት ቀዳዳ ላይ ቱቦ ተገጥሞ ወደ ተሳቢው ዳር ከወጣ ሠሪው ራሱ በማሽኑ የሠራ ሰው ነው። የተሸፈነ ተሳቢ ውስጥ የተገጠመ ከሆነ ደግሞ ጭሱ በቧንቧ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። በሩ ክፍት ስለሆነ ይበቃል አትበሉ።

ከዚያ ባልዲው። አፈሙዙን ንቀሉ፣ ሞተሩን ሙሉ ፍጥነት ላይ አድርጉ፣ ባለ 5 ጋሎኑ ባልዲ በስንት ሰከንድ እንደሚሞላ ቁጠሩ። በደቂቃ 4 ጋሎን ከተባለ 75 ሰከንድ፣ 5.5 ጋሎን ከተባለ 55 ሰከንድ፣ 8 ጋሎን ከተባለ 38 ሰከንድ ገደማ መሆን አለበት። 8 ነው ብሎ የሚሸጠው 50 ሰከንድ ከፈጀበት 6 ጋሎን ነው የምትገዙት።

አፈሙዙን መልሳችሁ ግፊት ስትሰጡት የግፊት መለኪያው እጅ ጸጥ ብሎ ካልቆመና እየዘለለ ከሆነ ቫልቩ ደክሟል ወይም አየር ይገባበታል። የሚያፈስ ቦታ ካለ በካርቶን ፈልጉ። በእጃችሁ አትዳስሱ። በ3,000 ፒ.ኤስ.አይ (የግፊት መለኪያ ነው) የሚወጣ ቀጭን ውሃ ቆዳን ሰንጥቆ ይገባል፤ ቁስሉ ትንሽ መስሎ ጣት ያስቆርጣል። እንዲህ ያጋጠመው ሰው ያኔውኑ ድንገተኛ ክፍል ይሂድ።

ሙቅ ውሃ የሚያወጣ ከሆነ ናፍጣ ማቃጠያው መነሣት ያለበት ውሃ ሲፈስ ብቻ ነው። ሽጉጡን ልቀቁ፤ እሳቱ ወዲያው መጥፋት አለበት። ካልጠፋ ያ ተሳቢ እስኪጠገን ድረስ ለሥራ አይሆንም።

8. በረኪናው የበላውን እዩ

የቤት ግድግዳና ጣሪያ የሚያጥብ ሰው 12.5 በመቶ የሆነ በረኪና ይጠቀማል። ከቤቱ በረኪና በጣም ይበረታል። ትነቱ ብቻ ብረት ያዝጋል። ስለዚህ የበረኪናው ታንከር ከሞተሩና ከሽቦዎቹ ርቆ፣ ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ፣ ሲቀመጥ ነው የሚሻለው። አጠገቡ ያሉ ብሎኖች፣ የቱቦ መጠቅለያው ማዕከልና የባትሪው ጫፎች ነጭና አረንጓዴ ከሆኑ ትነቱ ደርሶባቸዋል። መጋጠሚያዎቹ ፕላስቲክ ቢሆኑ አይግረማችሁ፤ ለበረኪና ከናስ ይሻላሉ። አሲድ ያለበት ማጽጃ ከበረኪናው ጋር አንድ መደርደሪያ ላይ ካያችሁ ግን ሠሪውን አትመኑት። ሁለቱ ሲገናኙ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል።

ሽቦውን እዚሁ እዩ። ብረት ቀዳዳ ውስጥ ሲያልፍ ጎማ አለው? ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ አለ? በቴፕ የተጠቀለለ መጋጠሚያ ከበዛ ዋጋ ቀንሱበት።

9. ሞልታችሁ መንገድ ላይ አውጡት

መዝኑት። የጭነት መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ካት ስኬል የሚባለውን የጭነት መኪና ሚዛን ያውቁታል፤ በትራክ ማቆሚያዎች አለ። ታንከሩ ሞልቶ፣ ዕቃው ሁሉ ተጭኖ መዝኑና ከሠሌዳው ጋር አስተያዩ። ሻጩ ሙሉ ተሳቢ ሚዛን ላይ እንዲወጣ ካልፈለገ ምክንያቱን ከመገመት አትመለሱ።

ከዚያ ንዱት። ከ10 ደቂቃ በኋላ ቁሙና የጎማውን መሐል በእጃችሁ ጀርባ ቀረብ ብላችሁ ስሙት። ሞቅ ማለቱ ያለ ነው። ከሌሎቹ ለይቶ አንዱ የሚፋጅ ከሆነ ኩሽኔታው ወይም ፍሬኑ ችግር አለበት።

10. ወረቀቱና ዋጋው

ሻንሲው ላይ ያለው 17 ፊደልና ቁጥር ከባለቤትነት ወረቀቱ ጋር አንድ መሆን አለበት። ሠሌዳው ከተነቀለ ወይም ቀለም ከተቀባበት፣ በቤት የተሠራ ነው ቢባልም ስቴቱ የሰጠውን ቁጥር ይዞ ይምጣ። በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ከቨርጂኒያ ሜሪላንድ ተሻግራችሁ የምትሠሩ ከሆነ ሥራችሁ በስቴቶች መካከል ነው። የመኪናውና የተሳቢው የተፈቀደ ክብደት ተደምሮ 10,001 ፓውንድ ከደረሰ የዩ.ኤስ.ዲ.ኦ.ቲ (የፌዴራሉ ትራንስፖርት መሥሪያ ቤት) ቁጥር ያስፈልጋችኋል። 7,000 ፓውንድ ተሳቢ ከፒክአፕ ጋር ይህን በቀላሉ ያልፋል።

ዋጋ ስትነጋገሩ ጉድለቶቹን ለዩዋቸው። ጎማ፣ ኩሽኔታ፣ የፓምፕ ጎሚኒ፣ ሽቦ፣ የመሳቢያ ቱቦ፣ የሞተች ባትሪ፦ እነዚህ የሚቀየሩ ስለሆኑ ዋጋቸውን ጠይቃችሁ ከሒሳቡ አስቀንሱ። የተሰነጠቀ መጎተቻ፣ የጎበጠ ሻንሲ ወይም አክስል፣ ከሠሌዳው በላይ የሆነ ታንከር፣ የማይገጥም ቁጥር፦ እነዚህ ላይ ቅናሽ አይጠየቅም። አመስግናችሁ ወደ ቀጣዩ ማስታወቂያ ሂዱ።